ሁለት ጡረተኞች ጀርመን ሦስት ሳምንት፦ የትኞቹን ከተሞች እንተው?

ጂኦግራፊ ከሀዋሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጃችን ቦን ከተማ ነርስ ናት። ዘንድሮ «እማዬን ይዘህ ካልመጣህ አኮርፋለሁ» ብላ ቆርጣ ተነስታለች። ቲኬቱንም እሷ ናት የምትችለው። ያሰብነው ሦስት ሳምንት ነው።

ችግሩ የላከችልኝ ዕቅድ ነው። ፍራንክፈርት፣ ሃይደልበርግ፣ ሽቱትጋርት፣ ሙኒክ፣ ያ ተራራ ላይ ያለው ነጭ ቤተ መንግሥት፣ ኑረንበርግ፣ ድሬስደን፣ በርሊን፣ ሐምቡርግ። በየከተማው አንድ ወይ ሁለት አዳር። ወጣት ሆኜ እንኳ እንዲህ አልሮጥኩም። እናቷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ካየች ፊቷ ይለወጣል። ታቦር ተራራን ስንት ዘመን ሥሩ ኖራ አንድ ቀን አልወጣችውም፤ «ከታች ያምራል» ትላለች።

ሌላው ነገር ልጃችን ሺፍት አለባት። አብራን የምትዞረው እረፍቷ ሲገጥም ብቻ ነው። የቀረውን ቀን ሁለት ሽማግሎች ብቻችንን ባቡር ላይ ነን። እንግሊዝኛ እችላለሁ። ጀርመንኛዬ ግን «ጉተን ታግ» ላይ ያልቃል።

እኔ ማየት የምፈልገውን ልንገራችሁ። አንደኛ ራይን ወንዝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስለው የኖርኩት ወንዝ ነው፤ አንድ ጊዜ ውሃውን ማየት ይገባኛል። ሁለተኛ ሩር። የድንጋይ ከሰል፣ ብረት፣ ከባድ ኢንዱስትሪ እያልኩ ትውልድ አስፈትኜበታለሁ። ሦስተኛ የምሥራቅና የምዕራብ ጀርመን ድንበር። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የነበረው ካርታ ጀርመንን ለሁለት ከፍሎ ነበር። አገሮቹ ተዋሃዱ፣ ካርታው ግን አልተዋሃደም። አዲስ ስላልመጣልን መስመሩን በመዳፌ ሸፍኜ አስተምር ነበር።

ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያና አበባ ካየች ይበቃታል። ሙዚየም ውስጥ መቆም አትወድም። ሁለታችንም ግን ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ማየት እንፈልጋለን። ሐውልት ሥር ቆሞ ፎቶ መነሳት ብቻ ከሆነ ሐይቁ ዳርም መነሳት ይቻላል።

እና የትኞቹን ከተሞች እንተው? መቼ እንምጣ? ልጄ ለገና ገበያ ሲባል ኅዳር ይሁን ትላለች፣ እኔ መስከረም ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለት ሽማግሎች ያለ አስጎብኚስ ይዘልቁታል?


የኋላ ወንበር፦

ቲቸር! ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት ብዬ እጠረጥራለሁ። በመዳፍ የተሸፈነውን ካርታ አስታወስኩት። «የሩር ክልል በምን ይታወቃል?» ለምትለው ጥያቄ «በድንጋይ ከሰል» ብዬ ሁለት ማርክ አግኝቼባታለሁ። ስለ ጀርመን ሌላ የማውቀው የለም። መልካም ጉዞ ለማለት ብቻ ነው የገባሁት።


ዶሙ ሥር፦

እኔም ቲቸር ልበልዎት። የሀዋሳ ልጅ ነኝ፣ የፒያሳ። አሁን ኮሎኝ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። መንገደኛ ሳይ ነው የምውለው። ሻንጣ እየጎተተ፣ ቡናውን ቆሞ ጨልጦ፣ ከደጅ ያለውን ካቴድራል አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶ ወደሚቀጥለው ከተማ የሚበር አለ። የልጅዎ ዕቅድ ከነሱ ጋር ነው የሚያሰልፋችሁ። አትቀየሙኝና ግማሹን ሰርዙት።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ጀርመን አዲስ አበባ የላትም። ማለቴ፣ ሁሉ ነገር የተሰበሰበበት አንድ ከተማ የለም። በርሊን ዋና ከተማ ናት፣ ግን ባንኩ ፍራንክፈርት ነው፣ ትልቁ ወደብ ሐምቡርግ። አገሩ አንድ የሆነው በ1871 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከዚያ በፊት ንጉሡ፣ መስፍኑ፣ ጳጳሱ፣ ነጻ ከተማው፣ እያንዳንዱ ለራሱ ነበር። ሁሉም የራሱን ቤተ መንግሥት፣ ቲያትር ቤትና ቤተ መጻሕፍት አቆመ። ስለዚህ ስሙን ሰምተው የማያውቁት ትንሽ ከተማ ገብተው አፍዎን ሊከፍቱ ይችላሉ። ትልልቆቹን ስሞች ማሳደድ አያስፈልግም። ሦስት ቦታ ብቻ አልጋ ያዙ፦ ቦን፣ ኤርፉርት ወይም ላይፕሲግ፣ ከዚያ በርሊን። ሌላውን ከየአልጋው እየተነሳችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ሻንጣ የምትጎትቱት ጥቂት ቀን ብቻ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራው ፍራንክፈርት ነው። ኤርፖርቱ ሥር የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ አለ። ወደ ከተማ ሳትገቡ «ዚግቡርግ ቦን» ወደሚባለው ጣቢያ ፈጣን ባቡር አለ፣ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ከዚያ 66 ቁጥር ትራም ቦን መሐል ያደርሳችኋል። ልጅዎ እዚያ ትጠብቃችሁ።

ቦን ራሷን እንዳትንቋት። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሲመጡ ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመንን የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርዕሰ ብሔር ነበሩ፣ አቀባበሉም እዚሁ ነበር። ቤትሆቨን በ1770 የተወለደበት ቤትም አለ። እትዬ ሙዚየም ካልወደዱ ግን የአደባባዩ ገበያ ይሻላቸዋል። አትክልቱና አበባው ክፍት ድንኳን ሥር ነው የሚሸጠው።

አሁን ራይን። ከቦን ተነስቶ በኮብሌንዝ አድርጎ ወደ ማይንዝ የሚሄድ የክልል ባቡር አለ። ቀርፋፋ ነው፣ ለእናንተ ግን እሱ ነው የሚያስፈልገው። ወደ ደቡብ ስትሄዱ በግራ በኩል መስኮት ያዙ፣ ወንዙ በዚያ ነው። ከኮብሌንዝ በኋላ ሸለቆው ይጠባል፤ ወይኑ ገደሉ ላይ ይታያል፤ በየጉብታው ምሽግ አለ። ያ ሁሉ ምሽግ ለምን እንደተሠራ ለእርስዎ አልነግርም፤ አብዛኛው በወንዙ ከሚያልፍ ጀልባ ቀረጥ ለመሰብሰብ ነበር። ከ2002 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። ስትመለሱ ኮብሌንዝ ውረዱ። ሞዜል ከራይን ጋር የሚቀላቀለው እዚያ ነው፤ ሁለቱን ወንዞች ነጥቡ ላይ ቆመው ያያሉ። ከዚያ በኬብል ካር ወንዙን ተሻግሮ ላይኛው ምሽግ ድረስ መሄድ ይቻላል። ለእትዬ ጉልበት ደረጃ የለውም። ከላይም ያምራል በሏቸው።

ሩርን በተመለከተ ላስደነግጥዎት ነው። ከሰሉ አልቋል! ማለቴ መሬት ውስጥ አለ፣ ማውጣቱ ቀረ። የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማዕድን በ2018 ታኅሣሥ ተዘጋ፣ ቦትሮፕ ላይ። እርስዎ የሚያዩት ኤሰን ከተማ ያለውን ጾልፈራይን ነው። በ1986 ሥራ ያቆመ ማዕድን ማውጫ ሲሆን አሁን ሙዚየም፣ መናፈሻና የዲዛይን ማዕከል ሆኗል። ቀይ የብረት ማማው እንዳለ ቆሟል። ወደ ሙዚየሙ የሚያስገባ ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው። ባህላቸውን ማየት ፈልገዋል አይደል? ጀርመኖች የሞተ ፋብሪካ አያፈርሱም። አጥበው መግቢያ ሰሌዳ ያደርጉበትና ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እግረ መንገድዎን ቩፐርታል ወርደው የተንጠለጠለውን ባቡር ይሳፈሩ። ከ1901 ጀምሮ ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። የጂኦግራፊ መምህር ሳያየው መመለስ የለበትም።

ኮሎኝ ስትመጡ የኔ ቦታ ነው። ካቴድራሉ በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው ያለቀው። መሐል ላይ ገንዘቡም ፍላጎቱም ጠፍቶ ሥራው ለብዙ መቶ ዓመት ቆሞ ነበር። ክሬኑ ግን ያላለቀው ማማ ላይ እንደተሰቀለ ቆየ። ማማው ላይ ለመውጣት 533 ደረጃ አለ፤ እትዬ ከታች ይቆዩ። ውስጡ ግን ለሳቸው የሚሆን ነገር አለ። ከዋናው መንበር ጀርባ ያለው የወርቅ ሣጥን የሰብአ ሰገል አጽም ያረፈበት ነው ተብሎ ይታመናል። አጽሙ በ1164 ከሚላኖ ነው የመጣው። እናቴ ስትመጣ እዚያ ፊት ቆማ ዳዊት ደግማ ነው የወጣችው፣ ጥበቃው አክብሮ ዝም አላት። የኛ ቤተ ክርስቲያንም ኮሎኝ ውስጥ አለ፣ እሁድ እወስዳችኋለሁ።

ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ። እዚህ ላይ ካልሰሙኝ እከፋለሁ። ጎታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1652 የኛው አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ተነስተው እዚያ ድረስ መጥተዋል፣ በመስፍኑ ግብዣ። ከጀርመናዊው ምሁር ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ሆነው ግእዝና አማርኛ ሠሩ። ሉዶልፍ የኤርፉርት ተወላጅ ነው፤ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ በ1698 ፍራንክፈርት ታተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ አረፉ። የመስፍኑ ቤተ መንግሥት፣ ፍሪደንሽታይን፣ እስካሁን ከተማዋ አናት ላይ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ «አንድ የወሎ መነኩሴ በዚያ ዘመን በዚህ ብርድ እንዴት ቻሉት?» ነው ያልኩት። ጎታ ከኤርፉርት በባቡር ቅርብ ናት። ኤርፉርት ደግሞ ቤት የተሠራበት ድልድይ አላት፤ ሰው ድልድዩ ላይ ይኖራል፣ ሱቅ ይከፍታል።

ላይፕሲግ ለናንተ ዘመን ሰው ቅርብ ናት። በደርግ ጊዜ ስንት ሐበሻ ተምሮባታል። ከአዲስ አበባም ጋር እህትማማች ከተማ ናት። ኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። በ1989 የምሥራቅ ጀርመን ሰው ሰኞ ሰኞ ጸሎት አድርጎ ሻማ ይዞ ለተቃውሞ የሚወጣው ከዚያ ነበር። በፈረንጅ ኦክቶበር 9 ቀን ወደ 70 ሺህ ሰው ሆነ፣ ጥይት አልተተኮሰም። የበርሊን ግንብ የፈረሰው ከወር በኋላ ነው። የካርታዎን መስመር ማጥፋት የተጀመረው እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። የሙዚቃ ደራሲው ባክም በዚያው ከተማ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ከ1723 እስከ ሞቱ የመዘምራን አለቃ ነበር፣ መቃብሩም እዚያ ነው።

በርሊን ላይ ቤርናወር ጎዳና ያለውን የግንቡን መታሰቢያ አይዝለሉ። መግቢያው በነጻ ነው። በሁለቱ ግንቦች መሐል የነበረው ባዶ ሜዳ እንዳለ አለ። ፓርላማው ጉልላት ላይ መውጣትም በነጻ ነው፤ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ፓስፖርትም ይዛችሁ። በሊፍት ትወጣላችሁ፣ ጉልላቱ ውስጥ ያለው መንገድ ደረጃ የሌለው ጠመዝማዛ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ከቲቸር ጋር ነኝ፣ መስከረም። የበርሊን ማራቶን በመስከረም ነው። ኃይሌ በ2007 እና በ2008 ክብረ ወሰን የሰበረበት፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2፡11፡53 የገባችበት ነው። ሯጮቹ መጨረሻ ላይ በብራንደንበርግ በር ሥር ያልፋሉ። ባንዲራችሁን ይዛችሁ ዳር ቁሙ። የዚያ ሰሞን ሆቴል ስለሚወደድ ግን ቶሎ ያዙ። ኅዳር መጨረሻ ከሆነ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። የገና ገበያውም ያምራል፣ አልዋሽም፤ ግን ልክ ጾመ ነቢያት ላይ ነው የሚውለው። ሰው ሁሉ ሲበላ እናንተ የተጠበሰ ለውዝ ይዛችሁ ልትዞሩ ነው።


የሐይቁ ጋይድ፦

እዚሁ ሀዋሳ ነው የምሠራው። የጀርመን ቱሪስት ይዤ ከሐይቁ እስከ አርባ ምንጭ እመላለሳለሁ፣ እኔም ለሥልጠና ሄጄ ከርሜያለሁ። እህታችን ከተሞቹን ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልጨምር።

አትደንግጡ ቲቸር፣ ጀርመን ቀዝቃዛ አይደለም። የማያውቀውን ሰው ዝም ይላል እንጂ ከጠየቁት ቆሞ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ ባቡሩ ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ ነግሮዎት ነው የሚሄደው። ቅድሚያ ሰላምታ እርስዎ ይስጡ። ሱቅ ሲገቡም፣ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ሲገቡም «ታግ» ማለት ነውር የለውም።

ቀይ መብራት ላይ መኪና ባይኖርም ቁሙ። በተለይ ሕፃን አጠገባችሁ ካለ። ሕፃን እያየ ቀይ የተሻገረ ሰው ላይ አሮጊቶቹ ይቆጣሉ፣ እኔ ላይ ደርሷል። የብስክሌት መንገድ ላይ አትቁሙ፤ ደወሉን ሰምተው ዘወር እስኪሉ ብስክሌቱ ይደርሳል።

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ካልገዛችሁ ዳቦ ቤትና የትልልቅ ጣቢያ ሱቆች ብቻ ናቸው የሚያድኗችሁ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፤ 25 ሳንቲም መያዣ ተከፍሎበታል፣ ሱፐር ማርኬት ውስጥ ያለው ማሽን ይመልስላችኋል። ምግብ ቤት ጓደኛ ከጋበዛችሁ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያላችሁ አትታገሉ። አስተናጋጁ «አብሮ ነው ለየብቻ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ለየብቻ ማለት ስድብ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ አፈርኩ፣ እነሱ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

ማታ ቤታቸው ከተጋበዛችሁ ትኩስ ወጥ አትጠብቁ። ብዙ ቤት እራት ዳቦ፣ አይብና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ነው። ትልቁ ነገር ከሰዓት በኋላ ያለው ቡናና ኬክ ነው። ተጋብዛችሁ ስትሄዱ አበባ ያዙ፣ በሰዓቱም ድረሱ። ቋሊማው አብዛኛው የአሳማ ነው፣ ሳትጠይቁ አትብሉ። በጾም ቀን «ቪጋን» በሉ፣ በቃ። ያቺ አንዲት ቃል ያለ ጭቅጭቅ ታስጾማለች።

ሙኒክን መሰረዛችሁ ግን አልተዋጠልኝም። በ1972 ኦሎምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኙት እዚያ ነው። ስታዲየሙ አለ፣ ፓርኩ አለ። ለቢራው ፌስቲቫል ሳይሆን ለዚያ መሄድ ይገባል። ከሄዳችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንግሊዝ ጋርደን የሚባለው ትልቅ መናፈሻ ውስጥ በሙቀት ቀን ራቁቱን ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው አለ። ሕጋዊ ነው። እትዬን በሌላ በኩል ይዙሯቸው።


የወደብ ሚዛን፦

ሰላም። ሐምቡርግ ነው ያለሁት፣ ቡና መጋዘን ውስጥ። ጎታ ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን ከሀዋሳ የሚመጣ ሰው ሐምቡርግን ሰርዞ ጎታ ሲሄድ ያሳዝነኛል። ከሲዳማ የሚወጣው ቡና በዚህ ወደብ በኩል ይገባል። ጆንያው ላይ «ሲዳማ» የሚል ሳነብ አሁንም ፈገግ እላለሁ።

ሽፓይሸርሽታት የሚባለው የድሮ መጋዘን ሰፈር አለ። ከ1883 ጀምሮ የተሠራ ቀይ ጡብ፣ ከሥሩ የእንጨት ምሰሶ፣ በመሐሉ ቦይ። ቡና፣ ቅመም፣ ምንጣፍ ይከማችበት ነበር። አሁን የዩኔስኮ ቅርስ ነው። የቡና ሙዚየምም እዚያው አለ። አንድ ምክር፦ ሙዚየሙ ውስጥ ቡና ከየት እንደተነሳ ለአስጎብኚው ማስረዳት እንዳይጀምሩ፣ ሌሎች ጎብኚዎች ይጠብቃሉ።

እሁድ ጠዋት ደግሞ የዓሣ ገበያ አለ፣ ከ1703 ጀምሮ ያለ። አሞራ ገደል የለመደ ሰው ይሄን አይቶ ይስቃል። ሻጮቹ ይጮሃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ሙዝ ወደ ሰው ይወረውራሉ። ጀርመን ዝም ያለ አገር ነው ያለ ሰው እዚህ ይምጣ። በበጋ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ በኛ አቆጣጠር። ሽማግሌ እንደሆነ በዚያን ሰዓት ነቅቷል።

ከበርሊን በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። አንድ ቀን ጨምሩልኝ።


ጂኦግራፊ ከሀዋሳ፦

ልጆቼ፣ ተባረኩ። ሁሉንም ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰብአ ሰገል ጋ ስደርስ «አቁም፣ ደግመህ አንብበው» አለችኝ። ስለዚህ ኮሎኝ ያለቀ ጉዳይ ነው። ራቁታቸውን የሚተኙትን ሰዎች ዘልዬው ነበር፣ እሷ ግን ከኋላዬ ቆማ አንብባዋለች። ሙኒክ ቀርቷል። ጋይድ፣ ምሩጽን በቴሌቪዥን አስበዋለሁ።

የከሰሉ ነገር አንገብግቦኛል። የኋላ ወንበር፣ ሁለት ማርክህን አልቀንስብህም፣ በዘመኑ ትክክል ነበርክ። የተዘጋ ማዕድን አይቼ መምጣቴ ግን አይቀርም። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ሩር» ከሚለው አጠገብ ቀን ጽፌ እፈርማለሁ።

ጎታን ከልጄ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። ስሟን ሰምታ አታውቅም፣ ባቡሯ ግን ስንት ጊዜ በዚያ እንዳለፈ አሁን ነው የገባት። ሐምቡርግ አንድ ቀን ተጨምሯል፣ የዓሣ ገበያውን ግን እኔ ብቻዬን ነኝ የምሄደው።

የቀሩኝ ጥያቄዎች። ባቡር ላይ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን ምን እንጠንቀቅ? ርካሽ ቲኬት አለ የሚባለውስ? ቪዛውን ከአሁኑ እንጀምር ወይስ ክረምቱ ይግባ? ባለቤቴ ደግሞ ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬና ቋንጣ አዘጋጅታለች። ልጅ ተርቦባታል። ይገባል?


ዶሙ ሥር፦

ባቡሩን በሁለት ይክፈሉት። የክልል ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ በመላው አገር በአንድ የወር ቲኬት ይኬዳል፣ «ዶይችላንድ ቲኬት» ይባላል። በ2023 ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ነው። በየወሩ ራሱን የሚያድስ ውል ስለሆነ ልጅዎ ታውጣው፣ እሷው ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ታሰርዘው። ካልሰረዘች የሚቀጥለውንም ወር ይቆርጣል። የራይኑ ጉዞ፣ ኮሎኝ፣ ኤሰን፣ ቩፐርታል በሱ ያልቃል። ፈጣኑ ባቡር ላይ ግን አይሠራም። ወደ ኤርፉርትና በርሊን ለሚሄዱበት ለየብቻ አስቀድማችሁ ግዙ፣ ቶሎ የገዛ በግማሽም ባነሰም ያገኛል። ወንበርም ያስይዙ። እዚህ ቲኬት ማለት መቀመጫ ማለት አይደለም፣ እትዬ ኮሪደር ላይ ይቆማሉ።

ባቡር ይዘገያል። ስለ ጀርመን ሰዓት አክባሪነት የተነገረዎት ባቡሩን አይጨምርም። ቅያሪ ካለ በመሐል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉ። መስመሩ ድንገት ሊቀየር ይችላል፣ ማስታወቂያው አንዳንዴ በጀርመንኛ ብቻ ነው፣ ሰው ግር ብሎ ሲሄድ ተከትላችሁ ጠይቁ። ሊፍት የተበላሸበት ጣቢያም አይጠፋም። በትልልቅ ጣቢያዎች መራመድ ለሚቸግረው ሰው እርዳታ አለ፤ ከአንድ ቀን በፊት ከተመዘገበ ሠራተኛ መጥቶ ያሳፍራል፣ በነጻ ነው። ልጅዎ ትመዝግብ። የሰዓት ሰሌዳው በ24 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት። ጎረቤቴ «16፡00» ብላ ጠዋት 4 ሰዓት የሄደች ሴት ነች።

ቪዛውን አሁን ጀምሩ። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፣ ቀጠሮ ማግኘት ነው ጊዜ የሚበላው። ክፍያው ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ጤና መድን ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ልጅዎ ቦን ካለው የውጭ አገር ዜጎች ቢሮ ዋስትና የሰጠችበትን ወረቀት ታውጣና ዋናውን ትላክላችሁ፣ ኮፒ አይበቃም። እናንተ የጡረታ ደብተራችሁን፣ የቤት ካርታችሁን፣ የጋብቻ ወረቀታችሁን ያዙ። የምትመለሱ ሰዎች መሆናችሁ መታየት አለበት። ሦስቱን አልጋዎችና ቀኖቹን በአንድ ገጽ ጻፉት፣ ቲቸር ይሄን ከማንም በላይ ያውቁበታል።

ስለ ቅቤው አዝናለሁ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኛ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤውም ቋንጣውም ኤርፖርት ላይ ነው የሚቀረው። በርበሬውን አምጡት። ቅቤ እዚህ ጥሬውን ገዝተን ኮረሪማና ኮሰረት ጨምረን እናነጥራለን፣ ድስት አለኝ። ስለዚህ ኮረሪማውና ኮሰረቱ በብዛት ይምጣ።


ጂኦግራፊ ከሀዋሳ፦

የቀጠሮውን ገጽ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። የቅቤውን ነገር ግን እኔ አልነግራትም። ስልክ ቁጥሯን ልጄ ትሰጥሻለች፣ አንቺው ደውለሽ ንገሪያት።